ለጌም የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል? የጨዋታው ወይስ የሥራው?

በዚህ እትም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን ስለ ግራፊክስ ካርድ አንድ ጽሑፍ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእረፍት ሰዓት ስለ ጌም የማይወራበት ቀን የለም። አንዱ «የእኛ ኮምፒውተር ስታክ እያደረገ አስቸገረን» ይላል። ሌላው «የአጎቴ ልጅ ኳድሮ አለው፣ ኳድሮ ማለት የመጨረሻው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኳድሮ ጌም አይከፍትም ባክህ!» ብሎ ይነሳል። ክርክሩ እስከ መኮራረፍ ይደርሳል። እኔም በቅርቡ ቤታችን ውስጥ ይኸው ጥያቄ ስለመጣ ብዙ አነበብኩ፣ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅኩ። ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ግራፊክስ ካርድ ሥራው ምንድን ነው?

ስክሪን ላይ የምናየው ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። በብዙ ስክሪኖች ላይ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉ። እስቲ እናባዛቸው፦ 1920 × 1080 = 2,073,600። አንድ ሥዕል ለማሳየት ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ቀለማቸው መታወቅ አለበት ማለት ነው።

ጌም ላይ ደግሞ ሥዕሉ ዝም ብሎ አይቆምም። ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ኳሷ ትሽከረከራለች፣ ጥላው ይከተላል። እንቅስቃሴው ለዓይን ለስላሳ እንዲሆን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ሥዕል ቢሳል ይመረጣል። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። 2,073,600 × 60 = 124,416,000። በአንድ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም መቀባት! ካርዱ ይህን ማድረስ ሲያቅተው የፍሬሙ ቁጥር ይወርዳል። እኛ «ስታክ አደረገ» የምንለው ይህንን ነው።

ፕሮሰሰሩ ለምን አይሠራውም? እዚህ ላይ የግቢ ጽዳት ቀንን አስታውሱ። አንድ በጣም ጠንካራና ጎበዝ ሰው ግቢውን በሙሉ ብቻውን ቢያጸዳ ይመሽበታል። እያንዳንዱ ተማሪ ግን አንድ አንድ ካሬ ሜትር ቢደርሰው ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ፕሮሰሰር እንደ ጎበዙ ሰው ነው፤ ከባድና የተለያየ ሥራ ይችላል፣ ኮሮቹ ግን ጥቂት ናቸው። ግራፊክስ ካርድ እንደ ተማሪዎቹ ነው፤ እያንዳንዱ ኮር ቀላል ሥራ ይሠራል፣ ብዛታቸው ግን በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል።

2. ሁለቱ ወገኖች

ግራፊክስ ካርድ ከሚሠሩት ኩባንያዎች መካከል ኤንቪዲያ እና ኤኤምዲ በጣም ይታወቃሉ። ኤንቪዲያ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ ሲያወጣ «የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ» ብሎ ነበር ያስተዋወቀው።

ሁለቱም ኩባንያዎች ካርዶቻቸውን በሁለት ስም ይሸጣሉ።

ሀ) ለተራው ተጠቃሚና ለጌም የሚሸጡት፦ ከኤንቪዲያ ጂፎርስ (ጂቲኤክስ እና አርቲኤክስ የምንላቸው)፣ ከኤኤምዲ ራዲዮን።

ለ) ለሥራ የሚሸጡት፣ ዎርክስቴሽን ካርድ የሚባሉት፦ ከኤንቪዲያ ኳድሮ፣ ከኤኤምዲ ራዲዮን ፕሮ (ድሮ ፋየርፕሮ ይባል ነበር)። ኤንቪዲያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሚያወጣቸው አዳዲስ የሥራ ካርዶች ላይ ኳድሮ የሚለውን ስም ትቶታል። ለምሳሌ አርቲኤክስ ኤ6000 የሥራ ካርድ ነው። ስለዚህ አርቲኤክስ የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ የጌም ካርድ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

የሥራ ካርድ የሚገዙት እነማን ናቸው? የሕንፃ ንድፍ የሚሠሩ አርክቴክቶች፣ ማሽን የሚነድፉ መሐንዲሶች፣ ፊልም ላይ የሚሠሩ አኒሜተሮችና ሌሎች እንዲህ ያለ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

3. አንድ ሊጥ፣ ሁለት ስም

እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ክፍል ነው። ብዙዎቻችን የሥራው ካርድ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስለናል። ነገር ግን ውስጣቸው ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ አንድ ነው! ከአንድ ሊጥ እንጀራም አነባበሮም እንደሚጋገረው ማለት ነው።

ለምሳሌ ጂፒ107 የሚባል ቺፕ አለ። ከዚህ አንድ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የሚከተሉት ካርዶች ወጥተዋል።

- ኳድሮ ፒ400፦ 256 ኮር፣ 2 ጊጋ ሜሞሪ፣ 30 ዋት
- ኳድሮ ፒ600፦ 384 ኮር፣ 2 ጊጋ ሜሞሪ፣ 40 ዋት
- ኳድሮ ፒ1000፦ 640 ኮር፣ 4 ጊጋ ሜሞሪ፣ 47 ዋት
- ጂቲኤክስ 1050፦ 640 ኮር፣ 2 ጊጋ ሜሞሪ፣ 75 ዋት
- ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፦ 768 ኮር፣ 4 ጊጋ ሜሞሪ፣ 75 ዋት

ልብ በሉ፣ ቺፑ ላይ ያሉት ኮሮች በሙሉ 768 ናቸው። ሁሉም የሚሠሩት 1050 ቲአይ ላይ ብቻ ነው። ፒ600 ላይ ግን ግማሾቹ ተዘግተዋል፦ 768 ÷ 2 = 384። ዋቱንም ተመልከቱ። ፒ1000 እና 1050 እኩል 640 ኮር አላቸው፣ ፒ1000 ግን የሚወስደው 47 ዋት ብቻ ነው። ታዲያ በነጻ አይደለም፤ ኮሮቹ ቀስ ብለው እንዲሠሩ ተደርገው ነው። መብራት ይቆጥባል፣ አይግልም፣ ድምፁም አይረብሽም፤ ጌም ላይ ግን በፍጥነት ወደ ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ «ኳድሮ ጌም አይከፍትም» የሚለው ውሸት ነው። ቺፑ አንድ ስለሆነ ይከፍታል። «ኳድሮ ስለሆነ ይበልጣል» የሚለውም ውሸት ነው። መታየት ያለበት ስሙ ሳይሆን ከስሙ ጀርባ ያለው ቁጥር ነው።

4. ታዲያ የሥራው ካርድ ለምን ተወደደ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቺፑ አንድ ከሆነ ሰው ለምን ብዙ ገንዘብ ይከፍላል? ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉት።

አንደኛ፦ የተመሰከረለት መሆኑ። ድራይቨር ማለት በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። የጂፎርስ አስተርጓሚ ዋና ጭንቀቱ አዲስ ጌም ሲወጣ በፍጥነት እንዲሄድ ነው። የኳድሮ አስተርጓሚ ደግሞ እንደ ሶሊድወርክስ እና ካቲያ ባሉ የንድፍ ፕሮግራሞች ላይ ተፈትኖ «ይህ ካርድ እዚህ ፕሮግራም ላይ በትክክል ይሠራል» የሚል ምስክርነት ያገኘ ነው። ፕሮግራሙ ሥራ መሐል ቢበላሽ ድርጅቱ የሚጠይቀው አለው። ገንዘቡ የሚከፈለው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ስህተት አራሚ ሜሞሪ። ኮምፒውተር ሁሉን ነገር በ0 እና በ1 እንደሚጽፍ በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። አልፎ አልፎ ሜሞሪ ውስጥ አንዱ 0 ሳይታሰብ 1 ሊሆን ይችላል። ጌም ላይ ይህ ቢሆን አንድ ነጥብ ለሴኮንድ ስልሳኛ ቀለሟ ይለወጥ ይሆናል፤ ማንም አያያትም። ነገር ግን አንድ መሐንዲስ ድልድይ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም እያሰላ ቁጥሩ ቢለወጥበትስ? ያ ጨዋታ አይደለም። ትልልቆቹ የሥራ ካርዶች እንዲህ ያለውን ስህተት ራሳቸው አግኝተው የሚያርሙበት ሜሞሪ አላቸው። እንደ ፒ400 እና ፒ600 ያሉት ትንንሾቹ ግን ይህ የላቸውም።

ሦስተኛ፦ የሜሞሪ ብዛት። አንድ ሙሉ ሕንፃ ከነቧንቧው፣ ከነሽቦው ስክሪን ላይ ለመክፈት ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል።

ለዚህ ግልጽ የሆነ ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከአንድ ዓይነት ቺፕ ሁለት ካርዶች ወጡ። አንዱ አርቲኤክስ 3090 ሲሆን ዋጋው 1,499 ዶላር፣ ሜሞሪው 24 ጊጋ ነበር። ሌላው አርቲኤክስ ኤ6000 ሲሆን ዋጋው 4,649 ዶላር፣ ሜሞሪው 48 ጊጋ ነበር። ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው! የኤ6000 ኮር 10,752፣ የ3090 ደግሞ 10,496 ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሜሞሪው መረጃ የሚያመላልስበት ፍጥነት ግን 3090 ላይ በሴኮንድ 936 ጊጋ ባይት፣ ኤ6000 ላይ 768 ጊጋ ባይት ነው። የሚወስዱት ኃይልም 3090 እስከ 350 ዋት፣ ኤ6000 እስከ 300 ዋት ነው። ስለዚህ ለጌም ብሎ ኤ6000 የሚገዛ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍሎ ከ3090 የተሻለ ጌም አይጫወትም። የከፈለው ለማይጠቀምበት ነገር ነው።

5. የእኛ ቤት ውሳኔ

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ታላቅ ወንድሜ ሲቪል ምህንድስና ይማራል። አውቶካድ በሚባል ፕሮግራም የቤት ፕላን እየሠራ ለመምህሩ ማስረከብ አለበት። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ፕላኑን ሲያዞረው ይቆማል። እኔና ታናሽ እህቴ ደግሞ ማይንክራፍትና የእግር ኳስ ጌም እንፈልጋለን፤ አይከፍትም።

እማዬ ዕቁቧ ሲወጣላት ከፍላ አንድ ካርድ እንድንገዛ ፈቀደች። ነገር ግን «ይህ ነገር ለትምህርቱ ነው ለጨዋታው? እውነቱን ንገሩኝ» አለችን። ወንድሜ «ለሁለቱም ነው እማዬ» አላት። «እንግዲያው አንዴ ብቻ ነው የምገዛው፣ አስባችሁ ግዙ» አለች። ያ ገንዘብ ለክረምት ጣሪያ ማሳደሻ ተብሎ የተያዘ ስለነበር ቀልድ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሱቅ ኳድሮ ፒ600 አሳየን። ሻጩ «ይሄ ፕሮፌሽናል ነው፣ ለሥራም ለጌምም አንደኛ» አለን። ሁለተኛው ሱቅ በዚያው ዋጋ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ አለኝ አለ። ወንድሜ ወዲያው አልከፈለም። ወረቀት አውጥቶ ሦስት ጥያቄ ጻፈ።

የመጀመሪያው፦ የምጠቀምበት ፕሮግራም ምንድን ነው? መልሱ አውቶካድ ነው። አውቶካድ የሚሠራው ብዙ ጌሞች በሚጠቀሙበት በዳይሬክትኤክስ በኩል ስለሆነ ተማሪ ለሚሠራው ፕላን የጌም ካርድ ይበቃዋል። ሶሊድወርክስ ላይ ትልልቅ ማሽን የሚነድፍ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ሁለተኛው፦ ኮምፒውተራችን ይችለዋል ወይ? ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። 1050 ቲአይ ልክ 75 ዋት ስለሆነ ብዙዎቹ ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራሉ። 75 ዋት ማለት የድሮው ክብ አምፖል አንዱ የሚወስደው ነው። የእኛ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ይህን ይችላል።

ሦስተኛው፦ በዚህ ብር ስንት ኮር አገኛለሁ? በአንድ ዋጋ 384 ወይስ 768? ይህን እህቴም መለሰችው፤ ገና 4ኛ ክፍል ናት።

ስለዚህ 1050 ቲአይ ተመረጠ። ግን ታሪኩ አላለቀም። ካርዱን ሲያወጡልን ጀርባው ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ አለ። የወንድሜ ጓደኛ አስቀድሞ አስጠንቅቆት ነበር። የ1050 ቲአይ ቺፕ ወደ ቪጂኤ በቀጥታ አይልክም፤ ስለዚህ በዚህ ስም የሚጠራ ካርድ ላይ ቪጂኤ ካያችሁ በብርቱ ጠርጥሩ። አሮጌ ካርዶችን በሶፍትዌር ስማቸውን ለውጠው አዲስ አስመስለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ወንድሜ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ስለነበር «ጋሼ፣ አንዴ ሰክተን እንየው?» አላቸው። ሰክተው ከፈቱት። ፕሮግራሙ ሐሰተኛ መሆኑን ጻፈ። ሻጩ ደነገጡ፤ «እኔም ከሌላ ሰው ነው የተቀበልኩት ልጄ» አሉ። አመስግነናቸው ወጣን።

በሦስተኛው ሱቅ እውነተኛውን አገኘን፣ እዚያው አስፈትነን ገዛን። ስክሪናችን አሮጌ ስለሆነ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ጨመርን። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተሩ የወንድሜ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ነው። እማዬም ፕላኑ ሲዞር ቆማ አየችና «ኩሽናው ጠበበ» ብላ አስተያየት ሰጠች።

6. የሥራውን ካርድ ለጌም መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

አንዳንዴ ያዋጣል። እውነቱን ለመናገር ሁሌ ጂፎርስ ግዙ ማለት አልችልም።

- ያገለገለ ሆኖ በጣም ከረከሰ። ቢሮዎች ኮምፒውተር ሲቀይሩ የሥራ ካርዶች አብረው ለገበያ ይወጣሉ። በግማሽ ዋጋ ፒ1000 ካገኛችሁ ለቀላል ጌም ጥሩ ነው።
- የኮምፒውተሩ ሳጥን ቀጭን ከሆነ። ብዙ ትንንሽ ኳድሮዎች አጭርና ቀጭን ሆነው ስለሚሠሩ ይገባሉ። ብዙዎቹ የጌም ካርዶች ግን ወፍራም ናቸው።
- ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ከሆነ። 40 እና 47 ዋት የሚወስድ ካርድ አያስጨንቀውም።
- ሳጥኑ ውስጥ አስቀድሞ ካለ። ያላችሁን መጀመሪያ ሞክሩት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሁንባችሁ።

ግን መሰኪያውን እዩ። ፒ600 እና ፒ1000 ያላቸው ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት የሚባል ትንሽ መሰኪያ ብቻ ነው፤ መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። ዕድሜውንም እዩ። እንደ ኳድሮ ኬ600 እና ኬ2000 ያሉት በኬፕለር ትውልድ ቺፕ የተሠሩ ናቸው፤ ለዚህ ትውልድ ኤንቪዲያ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

7. ሲገዛ የማይረሱ ነጥቦች

1ኛ. ስሙን ሙሉ በሙሉ ጻፉ። «ኳድሮ» ወይም «ጂቲኤክስ» ብቻ አይበቃም፣ ቁጥሩ ነው ዋናው።
2ኛ. የኮሩን ብዛት፣ የሜሞሪውን ዓይነትና የወጣበትን ዓመት ጠይቁ።
3ኛ. በሜሞሪ ብዛት ብቻ አትታለሉ። 4 ጊጋ የያዘ ጂቲ 730 አለ፤ 2 ጊጋ ያለው ጂቲኤክስ 1050 ግን ጌም ላይ ጥሎት ይሄዳል።
4ኛ. ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ዋት አንብቡ።
5ኛ. ሳጥኑን በማስመሪያ ለኩ።
6ኛ. ሳይፈተን አትክፈሉ።

ራሳችሁን ፈትኑ

ጥያቄ 1. በሴኮንድ 30 ፍሬም ብቻ የሚያወጣ ካርድ በ1920 × 1080 ስክሪን ላይ በሴኮንድ ስንት ነጥብ ይቀባል?
ጥያቄ 2. ስህተት የሚያርም ሜሞሪ የሚጠቅመው ለጌም ነው ወይስ ለድልድይ ስሌት?
ጥያቄ 3. 1050 ቲአይ የተባለ ካርድ ላይ ቪጂኤ መሰኪያ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ 1) 62,208,000። 2) ለድልድይ ስሌት። 3) በጂፒዩ-ዚ ሳንፈትን አንከፍልም።

ውድ አንባቢያን፣ በአጭሩ ገንዘባችሁ ለጌም ብቻ ከሆነ የጌሙን ካርድ ምረጡ። መተዳደሪያው ንድፍ የሆነ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ካርድ ይምረጥ። ለሁለቱም ከሆነ እንደ እኛ ቤት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። በሚቀጥለው እትም ስለ ፓወር ሰፕላይ ይዤ እቀርባለሁ። ጥያቄ ያላችሁ በክበባችን የሐሳብ መስጫ ሳጥን ውስጥ ጽፋችሁ ጨምሩ።

ቸር ያሰንብተን!

ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምድ አዘጋጅ፣ 8ኛ ክፍል